ዜና አዩብ ተርጓሚ፦ ካህኑን በነጭ ሸሚዛቸው እንደ ጋረዱት

አዩብ ተርጓሚ ማይክ በጨበጡ በዘጠነኛው ዓመት፥ በሙናዊር ቪዲዮ ቤት ፕሮጀክተር በነገሠ በሁለተኛው፥ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፥ ወሩ ኅዳር፥ ዕለቱ እሑድ፥ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሲሆን፥ በመርካቶ በጎጃም በረንዳ ጓሮ ከጆንያ መጋዘኑ ጀርባ የተደረገውን ይህን ታላቅ ነገር፥ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሁለት ሰዓት ተጣብቀን ያየን እኛ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን። ብንጨምርም ለክብራቸው ነው።

እኒህ አዩብ ማን ናቸው ቢሉ፥ የባዕድ ፊልም ሲታይ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ተዋናዩ በአገሩ ቋንቋ የሚለውን በአማርኛ የሚያውጁ፥ ስድስት ቋንቋ የሚተረጉሙ ሁለት ቋንቋ የሚችሉ፥ የሽማግሌ ሳልና የሙሽራ ሳቅ ከአንድ ጉሮሮ የሚያወጡ፥ ሰው ሁሉ በየስልኩ ብቻውን በሚያይበት በዚህ ዘመን አዳራሽ የሚሞሉ መዋዒ፥ ይኸውም ድል አድራጊ፥ ናቸው። በዚያ ቀን የሚታየውም ፊልም ገበያውን ለሁለት የከፈለው ነበር። ነገሩ የአንድ ወጣት የካቶሊክ ካህን ታሪክ ነው፤ ካህኑ በሴት ይፈተናል፥ አለቃው ጳጳስ ከባለጸጋ ፖስታ ይቀበላል፥ በመጨረሻም ሁሉም ይሾማል እንጂ ማንም አይቀጣም። ከፊሉ ሰው እውነት ነው ይላል፥ ከፊሉ ነውር ነው ይላል፥ ሁሉም ግን ያያል።

ወእምዝ ሠራዊቱ ገባ። ከምን አለሽ ተራ፥ በእሑድ እንኳ ጥላሸቱ ከጥፍራቸው ያልለቀቀ ምድጃ ቀጥቃጮች ገቡ፤ ከዱባይ ተራ ሽቶ የተርከፈከፈባቸው ጫማ ሻጮች ገቡ፤ የጋሪ ገፊዎች አለቆችም እንደየማዕረጋቸው ገቡ። ከሁሉም ቀድሞ የገባው ግን አስናቀው ነው፤ ይኸውም ፊልሙን አስቀድሞ በስልኩ ያየ፥ አይቶም ዝም ማለት ያልተሰጠው ምድጃ ሠሪ ነው።

በሩ ሊዘጋ ሲል፥ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ እትዬ ሠርኬ ገቡ። አዩብም ባዩዋቸው ጊዜ ደነገጡ። እትዬ ሠርኬ ከጉራጌ አገር ከእምድብር መጥተው ሠላሳ ዓመት ጆንያ የሸጡ፥ ምሳ ሲቀርብ አዩብን ሳይጠሩ ጎርሰው የማያውቁ፥ አንድ ልጃቸው ቶማስም የካቶሊክ ካህን ሊሆን በመስከረም ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት የገባላቸው እናት ናቸው። ፊልሙ ከመጣ ወዲህ የገበያው ሰው እየመጣ ልጅሽን ለማን ሰጠሽ ሲላቸው እንቅልፍ አጥተዋል። በሩ ላይ ቆመውም እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ዛሬ በዓይኔ አያለሁ። የሚሉት እውነት ከሆነ ነገ በጠዋት ሄጄ ቶማስን አመጣዋለሁ።» ከዚያም ከፊት ተቀመጡ።

መዋዒ አዩብ ያን ጊዜ በልባቸው መከሩ። ቶማስን ያውቁታል፤ ገና ነፍስ ሳያውቅ ጀምሮ የሚመኘው ክህነትን ብቻ ነው። በሌላ ወገን ትርጉም አደራ ነው። ጉድ ፈላ! ቢስሚላህ ብለው ማይካቸውን አነሡ፥ ካህኑንም ሊያድኑት ቆረጡ።

የመጀመሪያው ጦርነት የጠርሙሱ ነበር። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወይን ጠጅ ይዛ በምሽት የካህኑን በር አንኳኳች። አዩብም አወጁ፦ «ይህች እኅቱ ናት። ከአገር ቤት ማር ይዛለት መጣች።» አስናቀው ማር ከመቼ ወዲህ በቡሽ ይከደናል ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፥ አዳራሹም በሳቅ ተናጋ፤ መዋዒው ግን አልተበገሩም። በሁለተኛው ጦርነት ጳጳሱ ከባለጸጋው እጅ ወፍራም ፖስታ ተቀብለው በደረታቸው ሸጎጡ። አዩብ ይህ የወላጅ አልባ ሕፃናት ፎቶግራፍ ነው፥ ጳጳሱም ከልባቸው አጠገብ ሊይዙት ወደዱ ብለው ተረጎሙ፤ አንድ ጫማ ሻጭም እንባው መጣ።

ሦስተኛው የመሳሳሙ ጦርነት ነበር። እኅት የተባለችው ሴት በካህኑ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኅት ብለዋታልና መመለሻ የለም። አዩብ ሮጡ፥ እጃቸውን ዘርግተው በመጋረጃው ፊት ቆሙ፤ መሳሳሙም በነጭ ሸሚዛቸው ላይ ቀጠለ፤ የካህኑ አፍንጫ በደረት ኪሳቸው፥ የሴቲቱ ጸጉር በክንዳቸው ላይ ሆነ። እንዲህም አወጁ፦ «ይህ ሕልም ነው፤ ካህኑ ተኝቷል። የሚያሳየው ሰይጣን ነው፥ አሁን ይነቃል።» ካህኑ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ሙሉ አልነቃም። ላባቸው በጀርባቸው ወረደ። አስናቀው ተነሥቶ ውሸቱን ሊያጋልጥ አፉን ሲከፍት፥ እትዬ ሠርኬ ዞር ብለው አዩት፤ ቁጭ አለ። በምን ዓይን እንዳዩት እስካሁን አልነገረንም።

ወእምዝ ፍጻሜው መጣ። ካህኑ ተሾመ፥ ሰው አጨበጨበለት፥ እርሱም ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ አለ። አዩብ ንስሐ ገባ ሊሉ ነበር፤ ያ ፈገግታ ግን በየትኛውም ቋንቋ ንስሐ አይመስልም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይካቸውን ዝቅ አደረጉ፥ የእትዬ ሠርኬንም ፊት ለማየት አፈሩ።

እትዬ ሠርኬ ተነሥተው፥ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ማይኩን ከአዩብ እጅ ወስደው ለአዳራሹ ሁሉ አወጁ፦ «ዓይን አለኝ፤ ያየሁትን አይቻለሁ። ማርና ወይን ጠጅ የማልለይ ሴት አይደለሁም። እንዲህ ያለ ካህንም አይጠፋም። ግን ያ ሰውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የሚያፍርለት ሰው አልነበረውም። የኔ ቶማስ አለው። ሃይማኖቱ ያልሆነ ሰው ስለ እርሱ ብሎ ሁለት ሰዓት ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። ነገ የምሄደው ላመጣው አይደለም፥ ይህንን ልነግረው ነው። አንተም አዩብ፥ ማክሰኞ ምሳ እንዳትቀር።»

አዩብ ተርጓሚም ማንንም ሳይተረጉሙ በገዛ ድምፃቸው አለቀሱ። አስናቀው ቀድሞ አጨበጨበ፥ ሠራዊቱም ተከተለው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሙናዊር ያንን ሸሚዝ ለትውልድ መታሰቢያ በግድግዳው ልስቀለው ብሎ ቢለምን፥ ማክሰኞ የምለብሰው እርሱን ነው ብለው ከለከሉት።

አገር ያቀኑ፥ ምሽግ የሰበሩ፥ አንበሳ የጣሉ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም በየድንጋዩ ተጽፏል። የሌላውን ነውር በገዛ ደረቱ የጋረደ ግን ከአዩብ በቀር በመርካቶ ምድር አላየንም። ጉሮሯቸው አይዘጋ፥ ማይካቸው ባትሪ አይጨርስ፥ ከእትዬ ሠርኬ ገበታም አይለዩ። አሜን የሚል አሜን፥ አሚን የሚልም አሚን ይበል።