ጭንቅላቱ የሚነቀለው ወታደር

ይቅርታ አድርጉልኝ። ከስሜ ከጀላልዲን ሌላ ብዙ ጽፌ አላውቅም፤ ለእናንተ መጻፌም ድፍረት ነው። ግን ሱሃይብ ቀድሞ በራሱ መንገድ እንዳያወራው ፈራሁ። ሱሃይብ ጓደኛዬ ነው። ዕቃ ላስመጣ ብሎ ቻይና፣ ሺአን የምትባል ከተማ ሲሄድ እኔንም አስከተለኝ። እንደተመለስን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ እማማ ሸፊቃ ቤት ሄጄ ልጃቸውን ሲሐምን ለጋብቻ ልጠይቅ ነው፤ ሽማግሌዬም እሱ ነው። ይሄ ወሬ ዋዜማው ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት፣ ሻንጣ ስንፈታ ነው።

ሱሃይብ፦ (ሺአን የምትታወቅበትን፣ ከጉልበት የሚያልፍ የሸክላ ወታደር ምስል ከፎጣ እየፈታ) እጅ መንሻ ማለት ይሄ ነው! ያንን ፌስታልህን ደብቅልኝ።

ጀላልዲን፦ ጣፋጭ እኮ ነው። ሰሊጥና ለውዝ።

ሱሃይብ፦ ያን ሁሉ ሰዓት በረህ ለወሎ እናት ሰሊጥ! ለዓባይ በጆግ ውሃ ውሰድለት እንጂ ታዲያ።

ጀላልዲን፦ ሺአን ሻጩ እዚያው ፊቴ በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቅጠው አየሁ። እንደ እኛ ሙስሊም ነው፣ ነጭ ቆብ አድርጓል። አሰላሙ አለይኩም አልኩት፣ መለሰልኝ። ከዚያ ሳልገዛ መሄድ አፈርኩ።

ሱሃይብ፦ ሰላምታ ከመለሰልህ ሁሉ የምትገዛ ከሆነማ እዚህ ሰፈራችን ጆርጂያ አቬኑን ሳትጨርስ ትከስራለህ! የእጅ ሥራ ይሄ ነው። ጢሙን እየው! ለብቻው ነው የተቀረጸው።

ጀላልዲን፦ ሱቁ ውስጥ ግን የሁሉም ጢም አንድ ዓይነት ነበር።

ሱሃይብ፦ ወታደሮች ናቸዋ! ዩኒፎርም ነው!

ጀላልዲን፦ እሺ። እማማ ሸፊቃ ሳሎን የት ይቁም?

ሱሃይብ፦ ቲቪው አጠገብ።

ጀላልዲን፦ እዚያ ነው እኮ የሚሰግዱት። መስገጃቸውን ሲያነጥፉ ምስል ፊታቸው እንዳይሆን የሲሐምን የምረቃ ፎቶ እንኳ በፊቱ ይደፉታል። ይሄንን ምን ያደርጉታል ብዬ ነው።

ሱሃይብ፦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል።

ጀላልዲን፦ የተቀጣ ተማሪ አይመስልም?

ሱሃይብ፦ ሻሽ ጣል ያድርጉበት!

ጀላልዲን፦ እንግዳ መጥቶ «ይህቺ ጢማም ማናት?» ቢልስ?

ሱሃይብ፦ ወላሂ አንተ ክፉ ነህ! ያወቀ ሰው መላ አያጣም። ጭንቅላት የሌለው ምስል ችግር የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። (የወታደሩን ጭንቅላት አዙሮ ይነቅለዋል) አየህ? ይሄ አንተ ጋ ይቀመጣል፣ የቀረው ለእሳቸው።

ጀላልዲን፦ ልጅ ልጠይቅ ሄጄ አንገቱ የተቆረጠ ሰው ላበርክት?

ሱሃይብ፦ በክብር ነዋ!

ጀላልዲን፦ «ጭንቅላቱስ?» ካሉኝ?

ሱሃይብ፦ ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ እኔ እመልሳለሁ። አንተ ዝም በል፤ ዝም ስትል ያምርብሃል።

ጀላልዲን፦ አትቀየመኝ ሱሃይቤ። ሽማግሌ ስፈልግ ጭንቅላት ያለው ነበር ያሰብኩት።

(ሱሃይብ ጭንቅላቱን በአንድ እጁ፣ ወታደሩን በሌላው ይዞ ወጣ።)

በማግስቱ ጠዋት በመኪናው አሌክሳንድሪያ አደረሰኝ። የወታደሩን ጭንቅላት መልሶ ገጥሞ፣ ጋቢና አስቀምጦ ቀበቶ አስሮለታል፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስንደርስ ተቀይሜያለሁ፣ አልወርድም አለ። ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እማማ ሸፊቃ በሩን ሲከፍቱ ፌስታሌን ይዤ «አሰላሙ አለይኩም» ብቻ አልኩ። መለሱልኝ። ፌስታሉን ተቀብለው፣ ሰሊጡን አሸተት አድርገው ፈገግ አሉ።

«ሽማግሌህስ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ መኪናው አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩ።

«ከሁለቱ የትኛው ነው?» አሉና በሩን ለእኔ ብቻ በሰፊው ከፈቱልኝ።