ሰባት ሕንፃ በአንድ ቀን፦ የጉዞ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ቦታ፦ የፕላን ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ትልቁ የንድፍ ጠረጴዛ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 ተብሎ ተጠርቶ 3፡35 ላይ ተጀመረ

የተገኙ
1. እትዬ፣ የቢሮው ኃላፊ — ሰብሳቢ
2. ጋሼ እርሳስ፣ አንጋፋ ነዳፊ፤ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ ያላነሱ — አባል
3. አቶ ለማንኛውም፣ መሐንዲስ፤ ስሙ የወጣላቸው “ለማንኛውም” እያሉ የማይጨምሩት ብረት ስለሌለ ነው — አባል
4. ሾፌሩ — አባል
5. የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ — ጸሐፊ። የተመረጠችው ሻይ ልትቀዳ ወጥታ ሳለ ነው። ከተራ ቁጥር 2 ጋር የአባትና የልጅ ዝምድና አላት፤ ዝምድናው ቃለ ጉባኤውን እንዳይነካው ቃል ገብታለች።

ያልተገኘ
1. ሞዴል ሠሪው — በፈቃድ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከአንድ ክሊኒክ ሞዴል ጣሪያ ጋር በሙጫ ስለተጣበቁ ሙጫው እስኪለቅ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ተቀምጧል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። ሆኖም አቶ ለማንኛውም “አምስት ይበቃል፤ ለማንኛውም ግን ስድስተኛውም ይቆጠር” በማለታቸው፣ ሞዴል ሠሪው ባለበት ሆኖ ግድግዳውን በመምታት ድምፅ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀርቧል። አንድ ጊዜ ከመታ ደገፈ፣ ሁለት ጊዜ ከመታ ተቃወመ ማለት ነው። ሞዴል ሠሪው ይህንኑ አንድ ጊዜ በመምታት ደግፏል።

ማሳሰቢያ፦ የንድፍ ጠረጴዛው ማዘንበያ ብሎን ከዛገ ስለቆየ ጠረጴዛው እንዳዘነበለ ነው፤ ማዘንበሉም ወደ ጸሐፊዋ ነው። በስብሰባው ጊዜ ሁሉ የሁሉም ሰው ሻይ ወደ እሷ ሲንሸራተት ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ የሚታየው ክብ ነገር ማህተም አይደለም።

አጀንዳ 1፦ የጉዞው መንገድ

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ሲከፍቱ ታላቁ አርክቴክት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው መሆኑን፣ ሰባት ሕንፃዎች ትተውልን መሄዳቸውን፣ ቢሯችን ግን ስማቸውን ሲያነሳ ሲጥል እየዋለ አንዱንም ሄዶ አለማየቱን ገልጸዋል። በተለይም ጋሼ እርሳስ በወጣትነታቸው በታላቁ አርክቴክት ቢሮ ሠርተው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ዋና ደረጃ በገዛ እጃቸው ነድፈው ሲያበቁ፣ ደረጃውን አንድም ቀን ወጥተውት እንደማያውቁ ሰብሳቢዋ ተናግረዋል። ጋሼ እርሳስ ሰኞ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ስለሚሆኑና ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ደረጃ እስከ መቼ እንደሚከለክላቸው ስለማይታወቅ፣ ጉዞው የፊታችን ቅዳሜ እንዲሆን ሰብሳቢዋ አሳስበዋል።

ጋሼ እርሳስ “ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ” ብለዋል። ተሰብሳቢው ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሮታል።

ከዚያም ካርታ ተዘረጋ። በአራት የሻይ ብርጭቆ ጥጉ ተያዘ፤ ብርጭቆዎቹ ወደ ጸሐፊዋ ሄዱ፤ ካርታውም ተከተላቸው፤ እንደገና ተዘረጋ። ጋሼ እርሳስ የልኬት ማስመሪያቸውን አውጥተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ መንገዱን ከሕንፃ ሕንፃ ለክተው ጠቅላላው ደርሶ መልስ ሦስት መቶ አስር ኪሎ ሜትር መሆኑን አስታወቁ። የእሳቸው እጅ ሳይሳሳት ሲለካ የኖረ በመሆኑ ማንም አልጠየቀም።

ስለ ሕንፃዎቹ ቅደም ተከተል ጋሼ እርሳስ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቅርበዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ለቢሮው ከሁሉም የቀረበ ቢሆንም በመጨረሻ ይታይ። ካልሆነም ከማዶ ሆነን ከመኪና ሳንወርድ እንየው። ካልሆነም የሚዘጋበትን ቀን ጠብቀን እንሂድ፣ ምክንያቱም ሕንፃ ሰው ሳይገባበት ነው የሚያምር። ካልሆነም ጭራሹኑ ይቅር፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመጽሐፍ በቀር ምን ይታያል?

ሰብሳቢዋ ሰው የገዛ ሥራውን ለማየት እንዲህ ሲሽኮረመም አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ጸሐፊዋ አባቷን ከተወለደች ጀምሮ ስለምታውቃቸው ብዕሯን አስቀምጣ አይታቸዋለች። ይህ እንዲያዝ የጠየቀ ሰው የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰባቱም ሕንፃዎች ቅዳሜ በአንድ ቀን እንዲጎበኙ፣ ከንጋቱ 12፡00 እንዲነሳና ቤተ መጻሕፍቱ በመጨረሻ እንዲታይ ተወስኗል። ከግድግዳው አንድ ምት ተሰምቷል።

አጀንዳ 2፦ የመኪናው አቀማመጥና የጥንቃቄ ጉዳይ

አቶ ለማንኛውም በሙያችን ማንኛውም ጭነት በአንድ ተኩል ተባዝቶ እንደሚሰላ አስታውሰው፣ ጉዞውም በዚሁ እንዲመራ ጠይቀዋል። በስሌታቸው መሠረት መጠባበቂያ ጎማ አንድ ተኩል ይሆናል። ሾፌሩ ግማሽ ጎማ ከየት እንደሚያመጣ ጠይቋል። ወደ ሁለት ከፍ እንዲል ተስማምተዋል። ስድስት ተጓዦች በአንድ ተኩል ሲባዙ ዘጠኝ ስለሚሆኑ ሦስት ተጨማሪ ሰው እንዲጫንም ቀርቧል። ሾፌሩ ሦስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቆ፣ “ለማንኛውም የሚቀመጡ ናቸው” የሚል መልስ አግኝቷል። ሾፌሩ በሙያው አስራ ስምንት ዓመት ሲቆይ ሰው ለመጠባበቂያ ሲጫን አይቶ እንደማያውቅ፣ አይቶም ከሆነ ዓይኑን ግንባር እንዲያደርገው ተናግሯል። ሰብሳቢዋ ሰው ቀርቶ ሦስት ባዶ ወንበር እንዲያዝ አስታርቀዋል።

በእያንዳንዱ ሕንፃ ሃያ ደቂቃ እንዲቆም፣ ከዚህም ስምንቱ ለአድናቆት፣ ሰባቱ ለትችት፣ አምስቱ ለፎቶግራፍ እንዲሆን ሰብሳቢዋ አቅርበዋል። አቶ ለማንኛውም ባለሙያ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አድንቆ እንደማያውቅ ተቃውመዋል። አድናቆት ወደ አራት ዝቅ፣ ትችት ወደ አስራ አንድ ከፍ ብሏል። በዚህ ላይ ድምፅ ሲጠየቅ ከግድግዳው ሦስት ምት ተሰማ። ሦስት ምት በደንቡ ስላልተገለጸ ደገፈ ወይስ ተቃወመ፣ ወይስ ድምፀ ተአቅቦ ነው በሚለው ላይ አስራ አንድ ደቂቃ ክርክር ተደርጓል። በመጨረሻ ሾፌሩ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ሞዴል ሠሪው ድምፅ ሊሰጥ ሳይሆን ክሊኒኩን ከጣቱ ለማላቀቅ ግድግዳ ላይ ሲያጋጨው እንደነበር ተረጋግጧል። ክሊኒኩ አልለቀቀም። ኮርኒሱ ግን ወድቋል።

ሾፌሩ ከዚያ ሲመለስ ካርታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልክቷል። እስከዚያ ድረስ ሾፌሩን ስለ መንገዱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሾፌሩ ሁለተኛው ሕንፃ ያለበት ከተማ የአክስቱ ከተማ መሆኑን፣ እዚያ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ፣ ጋሼ እርሳስ ግን ካርታው ላይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብለው መጻፋቸውን ተናግሯል። “አክስቴ ቀርባለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር” ብሏል።

ካርታው ተመረመረ። ከዋናው በግማሽ አንሶ የታተመ ሆኖ ተገኘ፤ ግርጌው ላይ የተጻፈው የልኬት መጠን ግን የዋናው ካርታ ነው። ስለዚህ መንገዱ ስድስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ካርታውን ለመሳቢያ እንዲመች ያሳነሰችው ጸሐፊዋ መሆኗ ታውቋል። ጸሐፊዋ በበኩሏ ከዚህ ቢሮ በሚወጣ ፕላን ሁሉ ግርጌ “ቁጥሩን አንብብ እንጂ በማስመሪያ አትለካ” የሚል ማሳሰቢያ እንዳለ፣ ማሳሰቢያውንም የጻፉት ጋሼ እርሳስ መሆናቸውን አስይዛለች።

ሰባት ሕንፃ በአንድ ቀን እንደማይሆን በሁሉም ዘንድ ታምኖበታል። ሰብሳቢዋም የሰማዩን ላም ትተን ደጃችን ያለውን አንዱን እንያዝ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜን ምን አስጠበቀን፣ ዛሬ እንሂድ ብለዋል። ድምፅ ተሰጠ። አምስት ድጋፍ (አንዱ በግድግዳ)፣ አንድ ተቃውሞ።

ተቃዋሚው ጋሼ እርሳስ ናቸው። ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። መጀመሪያ ጉልበታቸውን አመኻኙ፤ ቀጥሎ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እርሳሱ ተንከባሎ ጸሐፊዋ ዘንድ መጣ። ከዚህ በኋላ ያለው አባዬ (ጋሼ እርሳስ ለማለት ነው) በተናገሩት ቃል ተይዟል።

“ከወለል እስከ ወለል ሦስት ሜትር ከስድስት ሳንቲም ነው። አርክቴክቱ በአስራ ሰባት እርከን ክፈለው አሉኝ። እያንዳንዷ አስራ ስምንት ሳንቲም ትወጣለች። እኔ ሁለቱን ቁጥር አገላብጬ በአስራ ስምንት ከፈልኩት፣ አስራ ሰባት ሳንቲም ወጣ። ቀሪ ስለሌለው ማንም አልጠረጠረም። የገባኝ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው። አንድ እርከን ሲጨመር ደረጃው በሠላሳ ሳንቲም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከፊቱ ደግሞ በር አለ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ እኔው የነደፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያ በር እርከኑን ሲመታ፣ ሰው ሲደናቀፍ፣ አሮጊት ስትወድቅ በሕልሜ አያለሁ። ለሰውዬው ልነግራቸው ሦስት ቀን ደጃቸው ቆሜ ተመለስኩ። በወሩ ሥራውን ለቀቅሁ። አሁን እሳቸውም ሞቱ፤ ለማን ልንገር?”

ጸሐፊዋ ልጅ ሳለች መጽሐፍ ስትፈልግ አባቷ ቅርቡን ቤተ መጻሕፍት ትተው በሁለት አውቶቡስ ወደ ሌላ የሚወስዷት ለምን እንደነበር ዛሬ ገብቷታል። በወቅቱ ሌላኛው ብዙ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለው ብለዋት ነበር።

አቶ ለማንኛውም ወረቀት አውጥተው ሦስት ጊዜ አሰሉ። ከዚያም “ስሌቱ ምንም አይለኝም። ለማንኛውም ሄደን እንየው” ብለዋል። ከግድግዳው አንድ ምት ተሰምቷል፤ ወዲያው ሞዴል ሠሪው ክሊኒኩን በእጁ እንዳንጠለጠለ በር ላይ ቆሟል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (ከቢሮ ውጭ)

ስብሰባው ሳይበተን ወደ መኪናው ተዛውሯል። ለማንኛውም ከተያዙት ሦስት ባዶ ወንበሮች አንዱ ላይ ክሊኒኩ ተቀምጧል። አቶ ለማንኛውም ይህን አስቀድመው ማሰባቸው እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል፤ ተይዟል። መንገድ ላይ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል፤ ሰብሳቢዋ ከሥነ ሥርዓት ውጭ ነው ብለው፣ ቀጥለው ድምፁን ከፍ አድርገውታል። ጋሼ እርሳስ አልዘፈኑም።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንደተደረሰ ጋሼ እርሳስ ከሁሉ ቀድመው ወርደው በሩን ገፉት። አልተከፈተም። እንደገና በትከሻቸው ገፉት። “ተዘግቷል፤ በሉ እንመለስ” ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ በጸሐፊዋ ታይቷል።

ከጥላው ሥር ወንበር ላይ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ ከተቀመጡበት ሳይነሡ “አባቴ፣ እሱን አይገፉትም፤ ይሳቡት እንጂ” ብለዋል።

ጋሼ እርሳስ በሩን ሳቡት። ወደ ውጭ ተከፈተ። ከውስጥ የመጀመሪያዋ እርከን ደፉ ድረስ መጥታ፣ በሩ ሳይነካት ቁጭ ብላለች። አቶ ለማንኛውም በአራት እግራቸው ተንበርክከው ማጠፊያውን መርምረው፣ ማጠፊያው ሕንፃው ሲሠራ የገባ፣ ከዚያ ወዲህም ያልተነካ መሆኑን አረጋግጠዋል። “በሩ ወደ ውጭ የዞረው ያኔ ነው” ብለዋል።

ሰብሳቢዋ “እንግዲያው ሰውዬው አይተውታል። ደረጃዎን አላፈረሱም፤ በራቸውን አዞሩት” ብለዋል። ጋሼ እርሳስ የበሩን እጀታ ይዘው ቆሙ፤ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ መውጣት ጀመሩ።

ሁሉም ጮክ ብሎ ቆጥሯል። ቤተ መጻሕፍት ነው ዝም በሉ ተብለናል፤ ቆጠራው በሹክሹክታ ቀጥሏል። ጥበቃው ከኋላ ሆነው ይህ ደረጃ እርከኑ ዝቅ ስላለ ለሽማግሌ የሚመች መሆኑን፣ እሳቸውም ከነታመመ ጉልበታቸው እዚህ ሥራ ላይ የቆዩት በዚሁ ደረጃ ምክንያት መሆኑን ነግረውናል። ጋሼ እርሳስ አንድም ጊዜ ሳያርፉ ወጥተው አስራ ስምንተኛዋ ላይ ተቀምጠዋል። የመለኪያ ሜትር ተሰጥቷቸው አልተቀበሉም።

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በአጀንዳ 1 ሥር የተወሰነው ጉዞ ተሽሯል። በአጀንዳ 2 ሥር የተወሰነው የጎማ፣ የወንበር፣ የአድናቆትና የትችት ድልድል ተሽሯል፤ እዚህ የትችት ደቂቃ የሚፈልግ ስላልተገኘ። እንዲሁም ጋሼ እርሳስ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ብቻቸውን ተሰብስበው፣ ያለ ምልዓተ ጉባኤ በራሳቸው ላይ የወሰኑት ውሳኔ ተሽሯል። ሞዴል ሠሪው ደገፈ፤ የመታው የደረጃውን መደገፊያ ስለነበር ክሊኒኩ ከጣቱ ለቅቆ ወደ ታች ወርዷል።

ቃለ ጉባኤው የተጻፈው አስራ ስምንተኛዋ እርከን ላይ ተቀምጦ ነው፤ ጥበቃው የሰጡን ሻይ ከተቀመጠበት አልተንሸራተተም። ስብሰባው ከቀኑ 7፡10 ላይ ተበትኗል። አባዬ ግን ገና አልተነሳም።