ዘጠና ሰባት ዲግሪ፣ እማማ ከድጃ ፊት

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ አታምኑኝም፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ "እሰይ! ይበላት!" ትላላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ!

ማክሰኞ ዕለት "ወልቂጤ ውስጥ እንደኔ ፕሮሰሰር ያስሮጠ ካለ እጁን ያውጣ" ብዬ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ? ከሥሩ የእሳት ኢሞጂ የደረደራችሁልኝን?

እሳቱ ዛሬ ደረሰኝ።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ሰሚራ እባላለሁ። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምሬ ተመርቄያለሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። እናቴ ቤት ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አስቀምጬ፣ አልፎ አልፎ ለሰፈር ሰው የአጥርና የሰርቪስ ቤት ፕላን እሠራለሁ።

እማዬ ትዕግስቷ አልቋል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ ቦታ አዘጋጅቶልኛል። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ያጣ ልጅ አጎቱ ሱቅ ይገባል፣ አለቀ። እኔና እማዬ ተዋዋልን። አንድ ትልቅ ሥራ ካገኘሁ ወልቂጤ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ረመዳን ሳይገባ ጠቅልዬ ወደ አጎቴ!

ከዛ ትልቁ ሥራ መጣ።

ጋሽ ነስረዲን የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ለእናታቸው ለእማማ ከድጃ እዚያው ቡታጅራ አዲስ ቤት ሊሠሩ ነው። ዛሬ ወልቂጤ ዘመድ ሊጠይቁ ስለሚመጡ "በዚያው ጎራ ብለን የሳልሽውን ቤት እናየዋለን። እናቴ ከወደደችው ሥራው ያንቺ ነው" አሉኝ።

አያችሁ? ሁሉም ነገር በአንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ላይ ተንጠለጠለ።

ችግሩ ኮምፒዩተሬ ነበር። እኔ የፈለግኩት እማማ ከድጃ ስክሪኑ ላይ በሩን አልፈው ገብተው፣ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ቤታቸውን እንዲያዩ ነው። እሱ ግን ይንቀራፈፋል! ከበረንዳው ሳሎን እስኪገባ ድረስ እውነተኛው ቤት ተሠርቶ ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ኦቨርክሎክ አደረግኩት።

ለማታውቁት፦ ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩ ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ይሮጣል። ግን ይግላል። በጣም ከጋለ ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ድርግም ያደርጋል። ማስሮጥማ ማንም ያስሮጣል፤ ሙያው ሳይግልና ሳይጠፋ እንዲሮጥ ማድረጉ ላይ ነው።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባዮስ የሚባለው የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ፣ ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ፣ ሙከራ፣ ድርግም። እንደገና። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያሻግረውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ፍቄ አዲስ ቀባሁ። አየር እንዲያገኝ የሳጥኑን ጎን ፈትቼ አነሳሁት። የእማዬን ማራገቢያ ሳላስፈቅድ ወስጄ ፊት ለፊቱ አቆምኩለት። በመጨረሻ ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት እስከ መግሪብ ያለ የሌለ ሥራ ጭኜበት አንዴም ሳይጠፋ ዋለ። ሙቀቱ ከሰባ አራት ዲግሪ አላለፈም!

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፎቶ አንስቼ ማክሰኞ ለጠፍኩ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል ሲሉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቤት ማጽዳት ተጀመረ። ቡታጅራ ድረስ የሚያወራ እንግዳ ነው የሚመጣው! ወለሉ ታሸ። ሶፋው ዳንቴል ለበሰ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለበሰ። ፍሪጁ ዳንቴል ለበሰ። ከዛ ዞር ስል ኮምፒዩተሬን አየሁት፤ ጎኑ ተከፍቶ፣ ገመዱ ሁሉ ውጭ ወጥቶ፣ ሆዱ የተዘረገፈ በግ መስሏል።

እንግዳ ፊት እንዲህ ሆኖ ይቀመጣል? ነውር አይደለም?

የእማዬን ምርጥ ዳንቴል አወጣሁ። ነጩን፣ በስታርች የደረቀውን፣ ለሰርግና ለዒድ ብቻ የሚወጣውን። ሁለት እጥፍ አድርጌ ሳጥኑን አለበስኩት። ሲያምር!

እጄ በራሱ ነው የሄደው። እናቴ ይህን እጅ ሃያ አምስት ዓመት አሠልጥናዋለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። የወልቂጤን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ አትጠይቁኝ። እማማ ከድጃ "አሰላሙ ዓለይኩም" ብለው ገብተው ሶፋው ላይ አረፍ አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ፊታቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ማራገቢያውን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

እስቲ ፍረዱኝ! ትልቅ ሰው እያላበው ማራገቢያ ለዕቃ ይደረጋል? እናት ያላሳደገው ካልሆነ በስተቀር! እማዬ እንኳ በዓይኗ አመሰገነችኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ጀመርን። በሩ ተከፈተ፣ በረንዳውን አለፍን፣ ምንም መንቀራፈፍ የለም፣ ውሃ ነው! ስክሪኑ ጥግ ላይ የሙቀት ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌዋለሁ። ለምን? ለጉራ ነዋ!

ሰባ ስምንት። ሰማንያ አምስት። ዘጠና አንድ።

ጋሽ ነስረዲን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "ይሄ እየጨመረ የሚሄደው ምንድን ነው? የቤቱ ዋጋ ነው እንዴ?"

ዘጠና ሰባት። ድርግም።

ቤቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የአራታችን ፊት ነው።

"መብራት ነው!" አልኩ ሳላስብ። "መብራት ሲዋልል እንዲህ ያደርጋል።"

ጋሽ ነስረዲን ቀስ ብለው ወደ ማራገቢያው ዞሩ። ማራገቢያው ይዞራል። ደስ ብሎት ይዞራል።

"ታዲያ ይሄ በምን እየሠራ ነው?"

"የሱ… የሱ መስመር ሌላ ነው።"

አንድ ማከፋፈያ ላይ ጎን ለጎን ነው የተሰኩት። ሁላችንም እያየነው።

እሺ፣ ተረጋጊ ሰሚራ። አንቺ ባለሙያ ነሽ። መልሼ አስነሳሁትና ባዮስ ገባሁ። የሙቀቱን ቁጥር ድንጋጤ አስረስቶኝ "ቮልቴጅ አንሶት ይሆናል" ብዬ ቮልቴጅ ጨመርኩለት። ለሚታፈን ሰው ጋቢ እንደመደረብ ማለት ነው። በዚህኛው ዙር የቤቱን በር እንኳ ሳንከፍት ጠፋ።

እማዬ ለስላሳ ልታቀርብ መስላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "ሻንጣው አልጋ ሥር ነው" አለችኝ።

ቀልዱን ተዉትና እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። አጎቴ ሱቅ መግባት ሞት አይደለም፣ አጎቴም ደግ ሰው ነው። ግን እኔ ቤት መሥራት ነው የምፈልገው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ አሁን በገዛ እጄ እየጠፋ ነው፣ ለምን እንደሚጠፋም አላውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል እማማ ከድጃ ብድግ አሉ። ስክሪኑን በቅርብ ሊያዩ ጠጋ ብለው ሲደገፉ መዳፋቸው ሳጥኑ ላይ አረፈ። ወዲያው አነሱት።

"አንቺ ልጅ" አሉ። "ይሄ ትኩሳት አለው።"

ዳንቴሉን ገለጡት። ከውስጡ የወጣው ትኩስ አየር እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ!

"ማነው እንዲህ ያፈነው?"

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ሹልክ ብዬ እገባላት ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መብራትም አይደለም፣ ዋሽቼ ነው። ማራገቢያውም የሱ ነበር፤ ሲያልብዎት አይቼ ወደ እርስዎ አዞርኩት። እንግዳ ይመጣል ብዬ ሸፈንኩትና ረሳሁት። ሁሉም የኔ ጥፋት ነው።"

እማማ ከድጃ ሳቁ። እንዴት ሳቁ መሰላችሁ! ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። "አዙሪለት በይ" አሉኝ። "እኔ ስልሳ ዓመት እሳት ፊት ቁጭ ብያለሁ፣ አልሞትም። ለሱ አዙሪለት።"

አዞርኩለት። የጨመርኩትን ቮልቴጅ ወደ ቦታው መለስኩ። እስኪበርድ አምስት ደቂቃ ያህል አራት ሰዎች አንድ ሳጥን ከበን ተቀመጥን፤ የታመመ ሰው ልንጠይቅ የመጣን ነው የምንመስለው።

ተነሳ። ስልሳ ስምንት። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት፣ እዚያው ቆመ!

ገባን። ሳሎኑን አሳየኋቸው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ሙሉ መስታወት፣ ፊት ለፊት ዘቢዳር ተራራ። ጋሽ ነስረዲን "ማሻአላህ!" አሉ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። አለቀ በቃ፣ ሥራው የኔ ነው!

"መስታወቱ በየት በኩል ይከፈታል?" አሉ እማማ ከድጃ።

"አይከፈትም እማማ። ሙሉ መስታወት ነው፣ ዘመናዊ ነው።"

"እሺ። ማድቤቱስ?"

አሳየኋቸው። ቤቱ መሃል ላይ ነው፣ ቁምሳጥኑ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ። መስኮት የለውም። ለውበት ብዬ ነው መሃል ያደረግኩት።

"ቆጮ ስጋግር ጭሱ የት ይሄዳል?"

ማድቤቱን ስክሪኑ ላይ ዙሪያውን አዞርኩት። ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም።

እማማ ከድጃ እጃቸው ላይ የቀረውን ዳንቴል ቀስ ብለው አጣጠፉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ልጄ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "ዕቃሽን የሸፈንሽው ለኛ ክብር ብለሽ ነው። እኔንስ ለማን ክብር ብለሽ ነው የምትሸፍኚኝ?"

ወገኖቼ፣ ዲግሪዬን ከግድግዳው ላይ አውርጄ ለዩኒቨርሲቲው ልመልስ ምንም አልቀረኝ!

ጋሽ ነስረዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አመሰግናለሁ ልጄ። ሌላም ሰው እናያለን" ብለው መነሳት ጀመሩ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። የፈለገችው እንድሄድ ይመስለኝ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን እንደዚያ አልነበረም።

"ቁጭ በል አንተ" አሉ እማማ ከድጃ።

ጋሽ ነስረዲን፣ ቡታጅራን በበርበሬ የሚያንቀጠቅጡት ሰውዬ፣ ቁጭ አሉ።

"ሌላ ሰው ምን ያደርግልኛል? ሌላው ሰው ሲዋሽ ፊቱ አያስታውቅም። የዚህች ያስታውቃል፤ ዋሽታም አላስቻላትም፣ ራሷ ተናገረች። ቤቴን የሚሠራልኝ ሰው ሲሳሳት ሊነግረኝ ይገባል።" ከዛ ወደኔ ዞሩ። "ቅዳሜ ቡታጅራ ነዪ። አሁን ያለሁበት ቤት አብረሽኝ ዋዪ። ጠዋት ንፋሱ በየት እንደሚገባ፣ ከሰዓት ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ አሳይሻለሁ። ከዛ በኋላ ሳዪ።"

"እሺ እማማ! በሁለት ቀን ሠርቼ አመጣለሁ! ኮምፒዩተሬ አሁን በጣም ፈጣን—"

"ማን ቸኮለ?" አሉ።

ከሄዱ በኋላ ፍጥነቱን ከአራት ነጥብ አምስት ወደ አራት ነጥብ አንድ ጊጋኸርዝ ዝቅ አደረግኩት። የምታዝኑልኝ አትዘኑ፣ እሱም ቀልሎታል፣ እኔም ቀልሎኛል።

ተቀምጬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ መጥፋቱ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአንድ ፕሮሰሰር ሙቀት በየደቂቃው ስለካ ነበር። እዚያ ቤት የምትኖረው ሴትዮ ይሞቃት ይሆን ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

አጎቴ አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። ስልኩን እማዬ ነች ያነሳችው። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

"አይ፣ አትመጣም" አለችው። "ሥራ ይዛለች።"

ሥራ ይዛለች! ሁለት ዓመት ሙሉ ከእማዬ አፍ የጠበቅኩት ቃል ነው። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እና ቅዳሜ በጠዋት ቡታጅራ ነኝ። ኮምፒዩተር የለም፣ ፕሮሰሰር የለም፣ ደብተርና እርሳስ ብቻ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ልጅ፣ ንፋስ በየት እንደሚገባ ከእማማ ከድጃ ልማር ነው የምሄደው።

ይሄ ሁለተኛ ዲግሪ አይባልም ትላላችሁ?