ማጭድ ያነሣንበት ኅዳር ሚካኤል

በላሊበላ ብምልላችሁም አታምኑኝም። መምሬ አስማረ፣ የነፍስ አባቴ፣ መሐላ ኃጢአት ነው ብለው ስንቴ አስጠንቅቀውኛል፤ ግን ሳልምል ያወራሁትን የሚያምን ሰው በላስታ ምድር ካልተገኘ ምን ላድርግ? ምዬም የታመንኩበት ቀን የለም። ቢሆንም ተቀመጡና ስሙኝ።

እኛ የላስታ ሰዎች ኩሩ ነን። ሌላው አገር ቤተ ክርስቲያኑን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ ሽቅብ ይሠራል፤ የእኛ አባቶች ግን ከአንድ አለት ቁልቁል ፈልፍለው አወጡት። ስለዚህ የሌላው ሰው ክርስትና ከእኛ ጎን ሲቆም ገና ጭቃው ያልደረቀ ይመስለናል። ይመስለናል ነው ያልኩት። አለቱን የፈለፈሉት እነሱ እንጂ እኛ አይደለንማ! እኛ በሩ ላይ ጫማችንን አውልቀን እንገባለን፤ ስንወጣ ጫማችንን እናጠልቅና ክርስትናችንን እዚያው በሩ ላይ ትተነው እንሄዳለን። ጫማውስ ይሰረቃል ብለን እንፈራለን። ክርስትናውን ማንም አይነካውም፤ በሳምንቱ ስንመለስ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

በተለይ እኔ! ፊደል አልቆጠርኩም፤ የወሩን በዓላት ግን በጣቴ አንጓ አንዱንም ሳልስት እቆጥራለሁ። ልደታን አከብራለሁ፣ በዓታን አከብራለሁ፣ አቦን፣ ሥላሴን እያልኩ እስከ በዓለ ወልድ እዘልቃለሁ። በመካከል ባዶ የቀሩትን ቀናት ደግሞ የሚመጣውን በዓል ዐርፌ እጠብቃለሁ። ከሃይማኖተኛነቴ ብዛት ማጭዴ ዝጎ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። የቤታችንን ገብስ የምታጭደው ባለቤቴ ዘነቡ ናት። እሷ አገሩ የሚያከብራቸውን በዓላት ብቻ ስለምታከብር፣ እምነቷ ትንሽ ላላ ይላል እያልኩ በሆዴ እታዘባታለሁ።

ኅዳር ሚካኤል ግን ለእሷም ለእኔም ቀልድ የለውም። በእኛ መንደር በዚያ ቀን አንድ ሰው ማጭድ ከነካ፣ በረዶው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁላችንም ላይ ይወርዳል ይባላል። አምና አንድ ጎረቤታችን ነዶ ተሸክሞ ተገኝቶ ሽማግሌ ፊት ቀረበና በግ ተቀጣ። ማን እንዳሳበቀበት አትጠይቁኝ። በጉ ግን ጣፋጭ ነበር።

ዘንድሮ ታቦቱ ከገባ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወይራው ሥር፣ ለዝክሩ ተቀምጠናል። ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ጾመ ነቢያት ሊገባ ስለሆነ ሁላችንም የጾሙን ሁሉ ስንቅ ዛሬውኑ የምንይዝ ይመስል እንበላለን። ድንገት ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና ተነሣ። ጥቁርነቱን እንዴት ልንገራችሁ፣ ጥቁሯ የመምሬ በቅሎ ከጎኑ ብትቆም ነጭ ነበር የምትመስለው።

እቴ ብርቄ ዋንጫዋን እንደያዘች ዐይኗን ደመናው ላይ ተከለች። ባሏ በክረምቱ የሞተባት ሴት ናት። ያላት አንዲት የገብስ ማሳ ናት፤ የዓመት ቀለቧም፣ የከርሞ ዘሯም እዚያው ላይ ነው። ብቻዋን ስታጭድ ሰንብታ ገና ግማሹ ቆሟል፤ የሌሎቻችን ከገባ ቆይቷል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለምናውቅም ሁላችንም ዳቦአችንን አተኩረን እናያለን።

“ብርቄ፣ ምነው አልጠጣሽም?” አሉ መምሬ።

“ይበቃኛል፣ አባቴ።”

“ገብስሽስ?”

“ሚካኤል ያውቃል።”

መምሬ ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። “ሚካኤልማ ያውቃል። የማናውቅ መስለን የተቀመጥነው እኛ ነን” ብለው ተነሡና ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

እኔ የበዓሉ ጠበቃ ዝም እላለሁ? “ኧረ መምሬ፣ ሚካኤልን ይፍሩ! በረዶ ሊያወርዱብን ነው!” ብዬ ጮህኩ።

“በረዶውማ እየመጣ ነው፣ አታየውም እንዴ? ይልቅ ማጭድህ የታለ?”

“ዝጓል፣ መምሬ።”

“ማጭዱ ነው ወይስ አንተ?”

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ጠላው ብቻ ነበርን። እሱንም ትቼ ተከተልኳቸው።

በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን የፈለገ አንድም ሰው የለም! ቄሱ፣ ዲያቆናቱ፣ አምና በግ የተቀጣው ጎረቤታችን ሳይቀር በባዶ እግራቸው ቁልቁል ወደ እቴ ብርቄ ማሳ ወረዱ። ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ ከየቤቱ ማጭድ እየመዘዘ ገብሱ ውስጥ ሲገባ፣ ጥምቀት ማሳ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። እኔ ማጭዴ ስለዛገ ነዶ አሳሪ ሆንኩ። ሁለት ሺህ ነዶ አሰርኩ። እሺ፣ ሃያ። ፈረንጆች ይዞ ወደ ገነተ ማርያም የሚያልፍ አንድ አስጎብኚ መኪናውን አቁሞ፣ ይህ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ የመጣ የበዓሉ ሥርዓት ነው ብሎ አስረድቷቸዋል አሉ። ዋሸ ልል ፈለግኩና አፌ እምቢ አለኝ። አለቱን በገዛ እጄ ፈልፍዬው ቢሆን እንኳ የዚያን ዕለት ያህል የላስታ ሰው በመሆኔ አልኮራም ነበር።

የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሸራ ሲለብስ በረዶው ወረደ። የፍየል ራስ ያክላል እንዳልል ዘነቡ አጠገቤ አለች፤ ሽምብራ ያክላል። በታጨደው ባዶ ማሳ ላይ እንደ ልቡ ተንጣጣ።

እኛም እቴ ብርቄ ደጅ፣ ከክዳኑ ሥር ተጠጋግተን ቆምን። እቴ ብርቄ ልትመርቀን አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። መምሬ ከደማው እግራቸው ላይ እሾህ እየነቀሉ፣ “በዓል ሻራችሁ የሚላችሁ ካለ፣ ስግደቱን እኔ እሰግድላችኋለሁ” አሉ። ከዚያ ድንገት መዳፌን አዩት። ውኃ ቋጥሯል።

“ዘነቡ፣ ነይ የባልሽን እጅ እይ!”

እኔም ደረቴን ነፍቼ ምስጋናዬን ስጠብቅ፣ ዘነቡ መጥታ እጄን ገለበጠችው፤ ዳሰሰችው፤ ሌላውንም አየችው። ከዚያ መምሬ እግር ላይ ወደቀች።

“አባቴ፣ በመስቀልዎ! ለዚህ ሰውዬ በየቀኑ ኅዳር ሚካኤል ያድርጉለት!”