ቤተሰቡ ቀድሞ ገብቷል

አዝመራ ነግዳ የማትከስር፣ ልጆቿ ተርበው የማያድሩባት፣ ባሏም የማያማርርባት ሴት ነበረች። ይህ ችግር በአስቸኳይ መቀረፍ እንዳለበት የተረዳችው አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በተሰጠ ነፃ ሥልጠና ላይ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ የለውዝ ቅቤ ትሠራ ነበር። ጎሮ በሚገኘው ኮንዶሚኒየም ቤቷ ለውዙን ትቆላለች፣ ታሻለች፣ ገለባውን በረንዳ ላይ ወጥታ ታነፍሳለች። ከታች የሚያልፉ ጎረቤቶች ገለባውን ከፀጉራቸው እያራገፉ "ዛሬም ቆላሽ?" ይሏታል፤ ደግሞም ይገዟታል። የቀሩት ደንበኞቿ የቤተ ክርስቲያን እህቶችና የልጆቿ ጓደኞች እናቶች ነበሩ፤ አንዷ ለሌላዋ እየነገረች የመጡ። ሥራዋን ስትጨርስ ልጆቿን ዲናንና እዝራን ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ባሏ ላጲሶ የመንገድ ቀያሽ ነው። ከሥራ ሲገባ አቧራውን አራግፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቅቤው የሚታሸግበትን ጠርሙስ ያጥባል። ወሬ አያበዛም። ሲስቅም ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሥልጠናው "ሥራንና ቤተሰብን አጣጥሞ መምራት" የሚል ርዕስ ነበረው። ያዘጋጀው እናቶችን ለመደገፍ የተቋቋመ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚቆይ እናቶቹ ሁሉ ልጆቻቸውን ጎረቤት ላይ ጥለው መጥተዋል። ከአሠልጣኞቹ መካከል መሐሪ የሚባል የማርኬቲንግ አማካሪ ነበር፤ ካልሲ የማያደርግ፣ ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስብ ጎልማሳ። ምርቷን እንዴት እንደምታስተዋውቅ ጠየቃት። አዝመራ ሰው እንደሚቀምሰውና ከጣመው እንደሚገዛ ነገረችው። መሐሪ "ደህና ነኝ" የሚል በሽተኛ እንዳጋጠመው ሐኪም በሐዘን ተመለከታት።

"እህቴ፣ ሰው የለውዝ ቅቤ አይገዛም። ሰው የሚገዛው ታሪክ ነው።"

እስካሁን ሲገዙ የነበሩት የለውዝ ቅቤውን ነው ልትል ነበር። ነገር ግን አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ አጎንብሰው ሲጽፉ ስላየች እሷም ጻፈች።

በሳምንቱ መሐሪ መብራትና ካሜራ አስይዞ ጎሮ መጣ። እቅዱ ቀላል ነበር፤ ደስተኛ ቤተሰብ ጠዋት ማዕድ ከቦ የእናትን የለውዝ ቅቤ ሲበላ ለቲክቶክ መቅረጽ። ችግሩ ቤተሰቡ ላይ ነው። ላጲሶ እንደ ተፈጥሮው እንዲስቅ ተጠየቀና ሳቀ፤ መሐሪ ቀረጻውን መልሶ ሲያየው ሰውየው የሚያለቅስ መሰለ። እዝራ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ የለውዝ ሽታ ሲታጠን ያደገ ልጅ በመሆኑ የተቀባለትን ዳቦ ቀምሶ ተፋና፣ እንደ አባቱ ወገኖች የሚያቃጥል ዳጣ ይምጣልኝ አለ። ዲና ደግሞ ካሜራው ላይ አፍጥጣ እናቷ ጠዋት የምትሰጣቸው እንቁላል መሆኑን ለሕዝብ ይፋ አደረገች።

መሐሪ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ከዚያም በሙያው የደረሰበትን ውጤት ሳያድበሰብስ ነገራት። ቤተሰቡ ከብራንዱ ጋር አይሄድም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ምርቱን መለወጥ፣ ወይ ቤተሰቡን መለወጥ። ምርቱን መለወጥ አዲስ ማሽን ይጠይቃል።

እናም ቦሌ ውስጥ ነጭ ኩሽና ያለው አፓርታማ በሰዓት ተከራዩ። ባል እንዲሆን የቀለምና የታሸገ ውኃ ማስታወቂያ ላይ የሚታወቅ፣ ግርማይ የሚባል ቁመተ ሎጋ ተመረጠ፤ ሲያዩት በሠላሳ ሁለት ጥርሱ ይስቃል፣ ሳያዩትም ይስቃል። አንድ የሰጡትን የሚበላ ወንድ ልጅና አንዲት ዓይነ ትልቅ ሴት ልጅም ተጨመሩ።

አዝመራ ይህን ከባሏ ደብቃ አላደረገችውም። አማከረችው። ላጲሶ የያዘውን ጠርሙስ እያለቀለቀ ረጅም ጊዜ አሰበ።

"ሰውየው ጠርሙስ ያጥባል?" አላት።

"ኧረ አያጥብም።"

"እንግዲያው እኔ ከሥራ አልተባረርኩም" አለና ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ቪዲዮው ወጣ፤ ሰው ወደደው። ከሥሩ "ባል ማለት እንዲህ ነው" እና "ጌታ ሆይ ለእኔም" የሚሉ አስተያየቶች ጎረፉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች አዝመራ ትዳሯን ጥላ ሄዳለች የሚል ወሬ ሰምተው ላጲሶን ሊያጽናኑ ጎሮ ድረስ መጡ፤ ብቻውን እንደማይሆን ነግረውት፣ ጸልየውለት፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችውን አዝመራን ሰላም ሳይሏት ሄዱ። መሐሪ ይህን ሲሰማ በጣም ተደሰተ። ሰው እያወራ ነው ማለት ነው አላት።

ታሪኩ ተወዳጅ ስለሆነ መቀጠል ነበረበት። ሰኞ ቁርስ ይቀረጻል፤ ማክሰኞ የቤት ሥራ ማሠራት፤ ረቡዕ ደግሞ ልጆችን ተረት እየነገሩ ማስተኛት፣ እሱም በቀትር መጋረጃ ተዘግቶ። "ሥራ የሚበዛባት እናት ለልጆቿ እንዴት ጊዜ ትሰጣለች" የሚለውን ክፍል ለመቅረጽ ቀኑ አልበቃቸውም። በዚያ ቀን ዲና ከጎረቤት ልጅ ጋር ብትገባም እዝራ ቦርሳውን ታቅፎ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀረ። ዘበኛው መብራት ሊያጠፋ ሲል ላጲሶ ከመስክ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ እየሮጠ ደረሰለት። አዝመራ ቤት ስትገባ ልጁ ልብሱን እንደለበሰ ተኝቷል። ግንባሩን ሳመችው፤ አልነቃም። ከተለቀቁት ቪዲዮዎች ሁሉ ብዙ ሰው ያየው የዚያን ቀን የተቀረጸውን ነው።

ለውዙን የሚቆላ ጠፋ። ደንበኞች ይደውላሉ፤ አለቀ ይባላሉ። አዝመራ ሥራው መቆሙን በጭንቀት ስትነግረው መሐሪ አለቀ ማለት ራሱን የቻለ ማስታወቂያ መሆኑን አስረዳት፤ የማይገኝ ነገር ይናፈቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ተረት እንዳለ አስታወሰችው። መሐሪ ተረቱ የወጣው ኢንተርኔት ሳይገባ ነው አላት፤ ብብት ውስጥ ያለን ነገር ማን ያየዋል? ቆጥ ግን ከሩቅ ይታያል። በዚህ ዓይነት አዝመራ በከተማዋ ስሙ የገነነ፣ ማንም የማይቀምሰው የለውዝ ቅቤ ባለቤት ሆነች።

አንድ ቅዳሜ ልጅ የሚይዝላት ስላጣች ዲናን ይዛ ቦሌ ሄደች። እዝራ ከአባቱ ጋር ቀረ። የዚያ ቀን ቀረጻ እናት የልጇን ፀጉር ስትሠራ የሚያሳይ ነበር። ዲና ከመብራቱ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እናቷ ዓይነ ትልቋን ልጅ ጭኗ መካከል አስቀምጣ በለሰለሰ እጅ ስትሠራት፣ መሃል መሃል ላይም አንገቷን ስትስማት ተመለከተች። ለመብራት ማስተካከያ ሲቋረጥ ተነስታ ወደ መሐሪ ሄደች። ሥነ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ እኔም መመዝገብ እችላለሁ?"

"ለምን ነገር የኔ ቆንጆ?"

"የእማዬ ልጅ ለመሆን።"

መሐሪ ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ ልጅ ናት ብሎ አልናቃትም። መብራቱ ፊት አቆማት፤ አገጯን ይዞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞራት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ጎበዝ ልጅ እንደሆነች፣ ነገር ግን ከእናቷ ጋር መልካቸው እንደማይሄድ በትሕትና ገለጸላት። እውነቱን ነው። ዲና ቁርጥ አባቷን ናት።

አዝመራ ማበጠሪያውን እንደያዘች ሁሉንም ሰማች። ለውዝ ሲቆላ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ማረሩ የሚታወቀው ካረረ በኋላ ነው። አሁንም የሆነ ነገር እንደዚያ ሸተታት። ቢሆንም ፀሐይዋ ልትሄድ ስለሆነ የጀመረችውን ሹሩባ ጨረሰች። በታክሲ ሲመለሱ ዲና መስኮቱ ላይ እንደተደገፈች፣

"እሷን ቀስ ብለሽ ነው የምትሠሪያት" አለቻት።

አዝመራ የዲናን ፀጉር ቀስ ብላ ከፊቷ ላይ መለሰች።

ከመሥሪያ ቤቱ ስልክ የተደወለላት በዚያው ሰሞን ነው። ሥራንና ቤተሰብን በማጣጣም ለዓመቱ ምርጥ እናት ሽልማት ታጭታ ማሸነፏ ተነገራት። ሥነ ሥርዓቱ አትላስ፣ በዚያው ሆቴል፣ ከምሳ ጋር ነው፤ ከቤተሰቧ ጋር እንድትገኝ በአክብሮት ተጋበዘች። አዝመራ ለመሐሪ በዚህች ቀን የምፈልገው ቤተሰቤን ብቻ ነው አለችው። መሐሪ ሌላ ማን ሊመጣ ይችላል ብሎ አረጋጋት። ላጲሶ የሠርጉን ሱፍ አስተኮሰ፤ እሷ ለልምምድ ቀድማ ሄደች፤ እሱ ልጆቹን ይዞ እንዲከተላት ተስማሙ።

አዳራሹ ስትገባ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ግርማይ ከሁለቱ ልጆች ጋር እየሳቀ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ "ባል" የሚል ካርድ አንጠልጥሏል። መሐሪን እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። እሱ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው እነዚህን ነው፤ ላጲሶን ማን ያውቀዋል? ይህን ሲል ፕሮግራሙ ተጀመረ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ገንዘቤ ንግግር አደረጉ። ከጀርባቸው ግድግዳውን የሸፈነ ባነር ተሰቅሏል፤ እሳቸው ነጭ ለብሰው፣ ባላቸው ትከሻቸውን አቅፈው፣ ልጆቻቸው ተደርድረው። ሥልጣን አንድም ቀን ከቤተሰባቸው ማዕድ እንዳላጎደላቸው፣ ጠንካራ እናት ለሰበብ ቦታ እንደሌላት ተናገሩ። ተጨበጨበ። የአዝመራ ስም ተጠራ።

ወደ መድረኩ ስትሄድ አንዲት የፕሮቶኮል ሠራተኛ ተጠግታ በጆሮዋ አንሾካሾከች። አንድ ሰውዬ ሁለት ልጆች ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ የአዝመራ ቤተሰብ ነን ይላል። ቤተሰቡ ቀድሞ ገብቷል ብትለው፣ "እኛ ደግሞ የቀረነው ነን" አላት። ታዋቂ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሚያጋጥም አይጨነቁ፣ ጥበቃ ተጠርቷል አለቻት።

አዝመራ ማይክራፎኑን ያዘች። መሐሪ የጻፈላት ንግግር በእጇ ነበር፤ አላየችውም።

"በሩ ላይ የቆሙት ባሌና ልጆቼ ናቸው" አለች። "እዚህ የተቀመጡት የተከራየኋቸው ናቸው። ግርማይ ጥሩ ሰው ነው፤ ባሌ ግን አይደለም። ለልጆቼ ጊዜ እንዴት እንደምሰጥ ያያችሁት ቪዲዮ ሲቀረጽ፣ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። የለውዝ ቅቤ መሥራትም ትቻለሁ። የምትሸልሙትን ነገር አላደረግሁትም።"

ሹካ ሲቀመጥ ተሰማ። አዝመራ ስድቡን ለመቀበል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ወይዘሮ ገንዘቤ ግን በስብሰባ የበሰሉ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው ተነስተው ማይክራፎኑን ተቀበሏት።

"የተከበራችሁ እንግዶች፣ ሌሎች እናቶች አንድ ቤተሰብ ከሥራቸው ጋር ማጣጣም አቅቷቸው በሚያማርሩበት በዚህ ወቅት፣ እህታችን ሁለት ቤተሰብ ጎን ለጎን ስታስተዳድር ቆይታለች። ይህ ተሞክሮ ተቀምሮ ወደ ሁሉም ሊስፋፋ ይገባል።"

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ግርማይ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። በሩ ተከፈተ፤ ላጲሶና ልጆቹ "ተጨማሪ ቤተሰብ" የሚል ካርድ ተሰጥቷቸው ገቡ። አንድ ጋዜጠኛ ለአዝመራ ማይክ ደቅኖ ሁለተኛውን ቤተሰብ ለመመሥረት ምን እንዳነሳሳት ጠየቃት። ፎቶ አንሺው ላጲሶን፣ "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ባሏን ጋረዱት" አለው። የላጲሶ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አዝመራ ይህንን ስታይ የራሷም ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። የተሰጣትን ሽልማት መሐሪ እጅ ላይ አስቀመጠች፣ የዲናንና የእዝራን እጅ ያዘች፣ ላጲሶን አስከትላ ከአዳራሹ ወደ ደረጃው ሄደች።

ላጲሶ ምሳ በልታ እንደሆነ ብቻ ጠየቃት። አልበላሁም አለችው። ዲና ከአዳራሹ ከወጡ ወዲህ የእናቷን እጅ አልለቀቀችም። ጎሮ ሄደው እንደሚበሉ ተስማምተው ሁለት ደረጃ እንደወረዱ፣ ከኋላቸው የጫማ ተረከዝ እየተንኳኳ ደረሰባቸው። ወይዘሮ ገንዘቤ ናቸው፤ አጃቢዎቻቸውን ላይ ትተው ብቻቸውን መጥተዋል።

አዝመራ አሁን ነው ቁጣው ብላ ቆመች። ወይዘሮዋ ግን ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ፤ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የኔ እህት፣ የዚያን ግርማይ የምትዪውን ልጅ ስልክ ትሰጪኛለሽ?" አሏት። "የቤተሰብ ቀን ደርሶብኛል፤ ባነሩ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ ውል አላድስም ብሎ አስቸግሮኛል።"