ልብ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ

ዛሬ ድነው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ የተነሱ ሽማግሌ ገደልኩ።

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ! ሽማግሌው በሕይወት አሉ። ይሄኔ አገራቸው ሀርሺን ገብተው የግመል ወተታቸውን እየጠጡ ይሆናል። በሀፍረት የሞትኩት እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ጅግጅጋ ውስጥ ኢንተርን ነኝ። ኢንተርን ማለት ዶክተር ለመባል ትንሽ፣ ለመተኛት ግን ብዙ የቀረው ፍጡር ነው። ዲዩቲ ስንገባ ዛሬ ጠዋት ጀምረን ነገ ከሰዓት ነው የምንወጣው። አብሮኝ ተረኛ የነበረው ልጅ ስላመመው የትናንቱን ብቻዬን ተወጣሁት።

በዚያ ላይ ጉረኛ ነኝ። ጠዋት ሲኒየራችን ዶክተር ሰላማዊት "ተኝተሃል?" ስትለኝ "አዎ፣ ትንሽ" አልኳት።

ትንሽ! ፊቴን ስታጠብ የጨፈንኩትን ቆጥሬ መሆን አለበት።

እንግዲህ አዴር ፋራህን ላስተዋውቃችሁ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ያደግን ልጆች ሽማግሌ ሁሉ አዴራችን ነው። በሳንባ ምች ተኝተው ታክመው ድነዋል። አገራቸው ዝናብ መጣሉን በስልክ ሰምተው መሄጃቸውን ነው የሚጠብቁት። ጫማቸውን አድርገዋል፣ ልጃቸው ሆዳን ዕቃቸውን ሸክፋ መድኃኒት ልታመጣ ወርዳለች። የቀረው የእኔ ሥራ ብቻ ነው። ደረታቸውን አዳምጬ "ደህና ናቸው" ስል ሲኒየሯ ፈርማ ታሰናብታቸዋለች።

አልጋው ዝቅ ስላለብኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዲዩቲ በኋላ መቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ታውቃላችሁ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። በደንብ እንድሰማ ዐይኔን ጨፈንኩ።

የደህና ሰው ልብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዱብ ዱብ። ዱብ ዱብ። እሹሩሩ በሉት።

ከዚያ የሰማሁት የሆዳንን ድምፅ ነው።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

ይህ ሰው ሲሞት የሚባል ነው። ማን ሞተ ብዬ ብድግ አልኩ።

በሷ ቦታ ሁኑና እዩት። ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ አባቷ ዐይናቸውን ጨፍነው ንቅንቅ አይሉም። ዶክተሩ ደረታቸው ላይ አንገቱን ደፍቷል። አንገቱን የደፋ ሐኪም መቼ የምሥራች ተናግሮ ያውቃል?

ከመጮኋ በፊት ደግሞ ደውላለች። እዚህ ቀብር አይዘገይም፣ የሞተ ሰው ወዲያው ነው የሚቀበረው። ሀርሺን ያሉት ወንድሞቿ መኪና ይዘው ወጥተዋል። "አልሞተም" ልትል መልሳ ስትደውል ኔትወርክ የለም።

አዴር ፋራህ ዐይናቸውን ገልጠው "ማነው የሞተው?" አሏት፣ ረጋ ብለው።

በዚህ መሃል ዶክተር ሰላማዊት ገባች። "ምን ተፈጠረ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ግንባሬ ላይ የማዳመጫው ክብ ምልክት እንደ ማኅተም ታትሟል።

ሥራ ላይ የተኛ ኢንተርን የዚህን ክፍል ልምምድ ይደግማል። መድገም ማለት ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ነው። እናቴ ደግሞ ድግሱን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች።

እና ዋሸሁ።

"ልባቸው ላይ አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ እሱን እየተከታተልኩ ነበር።"

ራሷ አዳመጠቻቸው። "እኔ አልሰማሁም። ግን እየመጣ የሚጠፋም አለ፤ ከሰማህ ዝም ብለን አንሸኛቸውም። ሐረር ሄደው ልባቸው በአልትራሳውንድ ይታይ" አለች።

ሆዳን ዕቃው ላይ ዘጭ አለች። አዴር ፋራህ አንዴ አዩኝ። ከዚያ አጎነበሱና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዶክተር" አልኩ፣ ሁለተኛው ጫማ ሳይወልቅ። "ምንም አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር።"



ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። "ከእሳቸው በፊት ያየሃቸውንስ በደንብ ሰምተሃል?"

"አላውቅም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። እዚህ ላይ ነው ቀልዱ ያለቀብኝ።

የአዴር ፋራህን መሸኛ ፈርማ፣ ማዳመጫዋን አንጠልጥላ ጠዋት ያየኋቸውን ሁሉ እንደገና አየች። አንዲት እናት ላይ "ንጹህ" ብዬ የጻፍኩት ሳንባ ንጹህ አልነበረም። ደግነቱ ቶሎ ተደረሰባትና መድኃኒት ተጀመረላት። ባልናገርስ?

እኔ ሰኞ ቢሮዋ እቀርባለሁ። ምን እንደምትወስን እንጃ። እማዬ፣ ይህን ካነበብሽ ድግሱን ለጊዜው ያዝ አድርጊው።

ለቀብር የመጣችው መኪና በር ላይ ስትደርስ ሟቹ ራሳቸው በእግራቸው ሄደው ጋቢና ገቡ። ወንዶቹ ልጆች የሚያለቅሱት ይሁን የሚስቁት አልለይ አለኝ።

መስኮቱ ጋ ሄጄ "አዴር፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"መተኛትህን አውቄ ነበር፣ አዴር። ታንኮራፋለህ" አሉ። እዚህ ታላቁም ታናሹን አዴር ይላል።

"ታዲያ ለሲኒየሯ ለምን አልነገሩብኝም?"

"አንተ ራስህ እስክትናገር እየጠበቅሁ ነበራ። ሐረር የሚወስደው መኪና እስኪነሳ እጠብቅህ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወላሂ እናገርብህ ነበር።"

"መጀመሪያውኑ ለምን አልቀሰቀሱኝም?"



"ግመል ሲጠብቅ ያደረ ልጅም ጠዋት እንዲህ ነው የሚወድቀው፤ አይቀሰቀስም። ሳል ይዞኝ ነበር። እንዳትነቃ ዋጥኩት።"

ለካ ንቅንቅ ያላሉት ለዚህ ኖሯል።

ከሳንባ ምች የተነሱ ሽማግሌ ሳላቸውን ውጠው እኔን አስተኙኝ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ዛሬ ጠዋት ተረኛው ሐኪም ማን ነበር?