አራት ፎቶ፣ አምስት ሥራ

በየቤተሰቡ ቁልፍ የማይጫን አንድ ሰው አለ። ሌላው ሕዝብ ማሽን ሲያይ መጀመሪያ ይጫናል፣ ከዚያ ይቆጨዋል። እኚህ ሰው ግን ይዘጋጃሉ። እሳቸው ሲዘጋጁ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ልጅ ተወልዶ ይዳራል፤ እሳቸው ገና መስታወት እየወለወሉ ነው።

የእኛ ቤቱ ክቡር የሰልፍ ሚኒስትር የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ዕለት ስካነር ገዙ። መፈክራቸው አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ማሰለፍ ነው!»

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አልበም ታቅፌ በሩጫ ገባሁባቸው። ያዋሰችኝ የአባቴ እህት ናት፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይዛው ወደ አገሯ ትመለሳለች። አባቴ የሞተው እኔ ዳዴ በምልበት ጊዜ ነው። ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ስለነበር በምድር ላይ ያለው ፎቶው አንድ ብቻ ነው። እሱም በእህቱ ሠርግ ላይ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ በር ተደግፎ፤ ፊቱ የምስር ፍሬ ቢያክል ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ብቻ ቶሎ ስካን ያድርጉልኝ!»

«ምን ያጣድፍሃል? መጀመሪያ ማሰለፍ ነው!»

የሠርጉን ጨምረው አራት ፎቶ በማስመሪያ እየለኩ መስታወቱ ላይ ደረደሩ። ከስካኑ በፊት የሚታየው የሙከራ ምስል ስክሪኑ ላይ ሲመጣ በማውዝ በየፎቶው ዙሪያ ሳጥን ማስመር ጀመሩ። እያንዳንዱ ሳጥን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የራሱ ስም፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ጥራት ይሰጠዋል። ለአንዲት የትምህርት ቤት ፎቶ ያወጡላት ስም እስከ አያቴ ከተቆጠረው ስሜ ይረዝማል።

አምስት ሰዓት ሆነ። አንድም ፎቶ ስካን አልተደረገም።

«ጋሼ፣ አንድ በአንድ ብናደርገው ኖሮ እኮ እስካሁን ያልቅ ነበር!»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንድ በአንድ? ልብስ ነው እንዴ የምናሰጣው?»

ከዚያ ደግሞ የሆነች ጥግ ላይ ትንሽዬ ሳጥን ያሰምራሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ያሰምራሉ። ልብሴን ልቀድ ምንም አልቀረኝም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ በሩ ተንኳኳ። «በሉ አልበሜን!» አለች አክስቴ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች። «መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!»

ክቡርነታቸው ጣታቸውን አነሱ። ተጫኑ። አንድ ጊዜ ብቻ!

ስካነሩ አጓርቶ ተነሳ። መብራቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ማንም ሳይነካው እንደገና ሄደ። ሥራ አንድ አለቀ! ሁለት! ሦስት! አራት! እልል ልል ነበር። ፎቶዎቹን ላነሳ ክዳኑን ስይዝ እጄን ቸብ አደረጉት።

«አምስተኛው ይቀራል።»

«ጋሼ፣ ፎቶው እኮ አራት ነው!»

«ሥራው አምስት ነው።»

መብራቱ በዚህኛው ዙር እየተንፏቀቀ ሄደ። ከዚያ ያቺ የጥጓ ትንሽዬ ሳጥን ጎልታ ስክሪኑ በአንድ ፊት ተሞላ። በር የተደገፈ ወጣት፣ የሚስቅ! ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ግን የፊት ጥርሶቹ መሃል ያለው ፍንጭት ይታያል። የእኔው ፍንጭት! እናቴ ስትነግረኝ ኖራለች፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

አክስቴ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። «ወንድሜን! እኔ እኮ መልኩ ጠፍቶብኝ ነበር።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መኪናው ይሂድ።»

ዓይኔን ጠርጌ ቀጣዮቹን አራት ፎቶዎች አነሳሁ።

«በል እንጂ፣ ተጫነው!» አለችኝ።

«ቆይ እትዬ» አልኳት፣ ማስመሪያውን እየፈለግኩ። «መጀመሪያ ማሰለፍ ነው!»